ለማሽን፣ ለጥሬ ዕቃ ወይስ ለቦታ? የትኛው የመንግሥት ድጋፍ ለየትኛው የጎጃም ሥራ

ቡሬ ላይ ዛላ በርበሬ ገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ አስፈጭታ በኪሎ የምትሸጥ እናት አለች እንበል። ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ በርና መስኮት የሚበይዱ ሦስት ወጣቶች። ሁለቱም ወገን ቢሮ ሲደርስ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ብድር አለ ወይ?» መልሱ «አለ» ቢሆን እንኳ ያው ብድር ለሁለቱም አይሆንም። እሷ ገንዘብ የሚያስፈልጋት በርበሬ በሚረክስባቸው ጥቂት ወራት ነው። ሸጣ ትመልሳለች። እነሱ የሚፈልጉት ማሽን ነው። ማሽን ደግሞ ዋጋውን የሚመልሰው ዓመታት ወስዶ ነው።

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ዓመት በሚከፈል ብድር ማሽን ይገዛል። የክፍያው ቀን ሲደርስ ማሽኑ ገና ራሱን አልቻለም። ከዚያ በሬ ይሸጣል፣ ዋሶች ይጨነቃሉ፣ ጎረቤት ይቀያየማል። ሥራው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ገንዘቡና ሥራው ስላልተገጣጠሙ ነው። ስለዚህ «የትኛው ተቋም ይሻላል?» ከማለታችሁ በፊት «ገንዘቡ ምን ይሆንልኛል?» በሉ። ለማሽን ከሆነ አንድ መንገድ አለ። ለጥሬ ዕቃ ከሆነ ሌላ። ቦታና ገበያ ከሆነ የጎደላችሁ ደግሞ ጨርሶ ባትበደሩ ይሻላል።

ከብድር በፊት በነፃ ያለው

መነሻው በከተማችሁ ወይም በወረዳችሁ ያለው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ነው። በየከተማው የአንድ ማዕከል አገልግሎት የሚባለው ቦታ የሚሠራው በዚሁ ስር ነው። አደረጃጀት፣ የብድር ምልመላ፣ ሥልጠና፣ የገበያ ትስስር፣ ሁሉም እዚያ ይገናኛሉ። ብዙዎቻችን እዚያ የምንሄደው የድጋፍ ደብዳቤ ለማጻፍ ብቻ ነው። ሌላ የሚሰጠውም አለ።

ትልቁ ሼድ ነው። መንግሥት የሠራቸው የማምረቻና የመሸጫ ሼዶች ከገበያው ባነሰ ኪራይ ለተደራጁ ኢንተርፕራይዞች ይሰጣሉ፤ በተለምዶ እስከ አምስት ዓመት። የብየዳ ቤት ኪራይ በየዓመቱ እየጨመረ ትርፉን በሚበላበት ከተማ ሼድ ማግኘት ወለድ እንደሌለው ብድር ነው። ከመቀበላችሁ በፊት ግን አንድ ነገር በዓይናችሁ እዩ፤ መብራቱን። ሼዱ ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር ኃይል) ከሌለው ትልልቁ የብየዳና የእንጨት ማሽን አይነሳም። ቆጣሪ ማስገባቱ ደግሞ በትራንስፎርመሩ አቅም ላይ የተንጠለጠለ ነው። «መብራት ይገባል ተብሏል» ለሚለው ቃል ፊርማ አታኑሩ። እዚያው ግቢ የሚሠራ ሰው ጠይቁ፤ በሳምንት ስንት ቀን መብራት እንዳለ ይነግራችኋል።

ሌላው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚሰጡት የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ነው። የቴክኒክ ክህሎት፣ ሥራ ፈጠራ፣ ካይዘን (ብክነትን እየቀነሱ አሠራርን የማሻሻል ዘዴ) እና ቴክኖሎጂ በሚሉ አራት ዘርፎች ባለሙያ ሥራ ቦታችሁ ድረስ ይመጣል። የባለሙያው ነገር ይለያያል፤ ጥሩ ሲገጥም ግን ይጠቅማል። በተለይ የሒሳብ አያያዙን አትለፉት። የዓመት ገቢና ወጪ በደብተር የያዘ ሰውና ያልያዘ ሰው አበዳሪ ፊት እኩል አይቆሙም።

ለማሽን፦ የካፒታል ዕቃ ኪራይ

ማሽን ለሚፈልግ አምራች የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። የሊዝ ፋይናንስ ከብድር ይበልጣል። አሠራሩ እንዲህ ነው። እናንተ ማሽኑን ትመርጣላችሁ። ተቋሙ ይገዛዋል። እናንተ እየሠራችሁበት በየጊዜው ትከፍላላችሁ። የመጨረሻው ክፍያ ሲያልቅ ስሙ ወደ እናንተ ይዞራል። ሕጉ ከአዋጅ ቁጥር 103/1990 ጀምሮ ያለ ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 807/2005 ተሻሽሏል። የተለመደው ድርሻ 20 በ80 ነው። ሃያውን እናንተ፣ ሰማንያውን ተቋሙ።

የመጀመሪያው ጥቅም ዋስትናው ነው። ማሽኑ ራሱ መያዣ ስለሆነ ቤት ወይም ካርታ የሌለው ሰውም ዕድል አለው። ክፍያ ቢያቅታችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ማሽኑ ነው። ውሉን ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ተጨማሪ የግል ዋስ የሚጠየቅ ከሆነ እሱም እዚያ ውስጥ ነው የሚሰፍረው።

በጎጃም ላለ ሰው ሁለት በሮች አሉ። አንዱ ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ነው። በክልሉ የተቋቋመና ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ታስቦ የተሠራ ነው። ሌላው የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ነው። የእሱ ሊዝ ያተኮረው ከፍ ባለው ደረጃ፣ በአነስተኛና መካከለኛ አምራቾች ላይ ነው። ሁለቱን ስታነጻጽሩ ከወለዱ በፊት የሥራችሁን መጠን እዩ። አንድ የዳቦ መጋገሪያ፣ ሁለት የብየዳና የመቁረጫ ማሽን፣ አንድ የልብስ ስፌት መስመር ከሆነ ወደ ዋልያ። የዱቄት ፋብሪካ፣ የመኖ ማቀነባበሪያ፣ የወተት ማቀነባበሪያ ከሆነ ወደ ልማት ባንክ። ልማት ባንክ የሚጠይቀው ሰነድና የአዋጭነት ጥናት ይበዛል፣ ጊዜውም ይረዝማል። በሦስት ሠራተኛ የሚሠራ ሰው እዚያ ደጅ ሲጠና ወራት ይባክኑበታል። ሠላሳ ሠራተኛ ያለው ሰው ደግሞ በትንሹ ተቋም በር ቢቆም የሚበቃውን አያገኝም።

ሊዝ ላይ ጎጂው ነገር ፕሮፎርማ፣ ማለትም ሻጩ የሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ ነው። ማሽኑ 600,000 ብር ነው ብላችሁ ፕሮፎርማ ታስገባላችሁ። የእናንተ ድርሻ 120,000 ነው፤ ቆጥባችሁታል። ጥያቄው ታይቶ ሲጸድቅ ወራት አልፈዋል፣ ሻጩም «ዋጋው 660,000 ሆኗል» ይላል። ተቋሙ የፈቀደው በድሮው ዋጋ ከሆነ የ60,000 ብሩ ልዩነት በሙሉ በእናንተ ላይ ይወድቃል። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ በሚመጣ ማሽን ላይ ይህ የሚገጥም ነገር ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። ከ20 በመቶው በላይ መጠባበቂያ ቆጥቡ። ደግሞም ዋጋ ቢቀየር ማን ምን እንደሚከፍል ገና ስታመለክቱ ጠይቁ። እዚሁ አገር የተሠራ ማሽን ሥራችሁን የሚችል ከሆነም እሱን እዩ፤ መለዋወጫውም በቅርብ ይገኛል።

የእፎይታ ጊዜውም ዋና ነገር ነው። ክፍያው የሚጀምረው መቼ ነው? ማሽኑ ከተገዛበት ቀን፣ ከደረሰበት ቀን ወይስ ተተክሎ ሥራ ከጀመረበት ቀን? በእኛ አገር መንገድ ሲዘጋ ወይም ቆጣሪ ሲዘገይ እነዚህ ሦስት ቀኖች በጣም ይራራቃሉ። ማሽኑ ገና በሳጥኑ እያለ የክፍያ ቀን የደረሰበት ሰው ገና ከመጀመሩ ዕዳ ውስጥ ነው። «ከተከላና ሙከራ በኋላ» የሚል ቃል ውሉ ላይ እንዲሰፍር ተከራከሩ።

ለጥሬ ዕቃና ለመንቀሳቀሻ፦ አጭር ብድር

ለበርበሬዋ እናት፣ ለጤፍ ነጋዴው፣ ለባልትና ቤቱ፣ ከብት ለሚያደልበው የሚሆነው አጭር ብድር ነው። በክልላችን ይህን ሥራ ለረጅም ዓመታት የያዘው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ነበር። አሁን ወደ ባንክ ተለውጦ ጸደይ ባንክ ሆኗል። ቅርንጫፉ ገጠር ቀበሌ ድረስ የወረደ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ፍኖተ ሰላም ላለ ሰው ወደ ባሕር ዳር መመላለስ ይቀርለታል።

መያዣ ለሌለው ሰው የሚቀርበው የቡድን ዋስትና ነው። አምስት ስድስት ሰው አንዱ ለሌላው ዋስ ሆኖ ይበደራል። በእኛ አገር ይህ ይሠራል፤ እቁብና እድር ያለው ሕዝብ መተማመን ያውቃል። ግን ቡድኑን አብራችሁ ከሠራችሁት፣ ገቢውን ከምታውቁት ሰው ጋር መሥርቱ። አባል ለማሟላት ብቻ የተጨመረ ሰው ሲጠፋ ዕዳው በቀሩት ላይ ነው። የደመወዝተኛ ዋስ ማቅረብ የምትችሉ ከሆነ በግል መበደሩ ሰላም አለው። ዋስ የሚሆናችሁን መምህር ወይም ነርስ ግን የምትወስዱትን ብር ልክ ነግራችሁ አስፈርሙ። ከደመወዙ ሲቆረጥ ነው ነገሩን ያወቀ የሚባል ታሪክ መብዛት የለበትም።

ስለ ወለድ ብዙ ሰው «ስንት በመቶ?» ብሎ ያቆማል። ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጣል፤ «ወለዱ የሚሰላው በመነሻው ብድር ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ ላይ?» ለምሳሌ 100,000 ብር በ15 በመቶ ለአንድ ዓመት ወስዳችሁ በየወሩ እየከፈላችሁ ነው እንበል። በመነሻው ላይ ከተሰላ ወለዱ 15,000 ብር ነው። በቀሪው ዕዳ ላይ ከተሰላ ወደ 8,300 ብር ነው። የተነገራችሁ በመቶ አንድ ነው፤ ከኪሳችሁ የሚወጣው ግን ግማሽ ለግማሽ ይለያያል። የአገልግሎት ክፍያ፣ የመድን ክፍያና የግዴታ ቁጠባም ካለ አንድ ላይ ደምሩ። «በእጄ የሚገባው ስንት ነው፣ ከእጄ የሚወጣው ስንት ነው?» ብላችሁ በወረቀት አጽፉ።

የክፍያ ጊዜውን ከሥራችሁ ወቅት ጋር አስማሙ። ዛላው የሚገዛው በምርት ወቅት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ ነው። ገበያው የሚሞቀው ወደ ፋሲካና ወደ ክረምቱ ሲጠጋ ነው። ለዚህ ሥራ በየወሩ የሚከፈል ብድር አይስማማም። ዋናው ገንዘብ ሐምሌ ላይ የሚመለስበት ስምምነት ከተገኘ ያንን ውሰዱ። መጀመሪያ ያነጋገራችሁት የብድር ሠራተኛ «አይቻልም» ቢላችሁ ሥራ አስኪያጁን ጠይቁ። ለግብርናና ለማድለብ ሥራ ወቅቱን ጠብቆ መክፈል አዲስ ነገር አይደለም።

ስለ መያዣ አንድ ብዙ ያልተወራለት ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብት፣ ማሽን፣ ምርትና የመጋዘን ደረሰኝ የመሰሉ ተንቀሳቃሽ ንብረቶች በመያዣነት እንዲመዘገቡ ፈቅዷል። መዝገቡ በብሔራዊ ባንክ ሥር ነው። ባንኮቻችን አሁንም ዓይናቸው ቤትና ካርታ ላይ ነው፤ ቢሆንም «በተንቀሳቃሽ ንብረት ታበድራላችሁ?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ እምቢ ሲል ሌላው ባንክ ሊቀበል ይችላል።

የንግድ ባንኮችን በሚመለከት ደግሞ ይህን አስታውሱ። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በባንኮች የብድር ዕድገት ላይ ጣሪያ ጥሏል፤ መጀመሪያ 14 በመቶ ነበር፣ በኋላ ከፍ አድርጎታል። ጥያቄያችሁ ጥሩ ሆኖ ሳለ «ለጊዜው አቁመናል» የሚል መልስ ሊመጣ የሚችለው በዚህ ምክንያትም ነው። ተስፋ አትቁረጡ፤ ፋይላችሁ እንዲቀመጥ አድርጉና በአዲሱ ሩብ ዓመት ተመለሱ።

የወጣቶችና የሴቶች ፈንድ

የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 995/2009 በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመ ነው። ከ18 እስከ 34 ዓመት ላሉ ወጣቶች ታስቦ ነው የወጣው፤ የሚደርሰውም በብድር ተቋማት በኩል ነው። ተዘዋዋሪ ነውና የቀደሙት ካልመለሱ ለሚቀጥለው የሚሆን ገንዘብ የለም። «የመንግሥት ገንዘብ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል» ብሎ የወሰደ ወጣት የጎዳው ታናሽ ወንድሙን ነው። በዓለም ባንክ ገንዘብ የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክትም ለሴቶች ከሥልጠና ጋር ብድር ሲያቀርብ ቆይቷል። ሁለቱም ግን ሁልጊዜ ክፍት አይደሉም። ሥራችሁን በእነሱ ላይ ብቻ አታንጠልጥሉ። ሲከፈቱ ዝግጁ ሆኖ መገኘቱ ይሻላል።

ገበያውን ራሱን መጠየቅ

ለደብረ ማርቆሶቹ በያጆች ከማንኛውም ብድር የሚበልጠው የትምህርት ቤት ዴስክ ጨረታ ሊሆን ይችላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዴስክ፣ ወንበር፣ የደንብ ልብስ፣ የኅትመት ሥራና ምግብ ይገዛል። የፌዴራሉ የግዥ ሕግ ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልዩ አስተያየት ሲሰጥ ኖሯል። የጨረታ ሰነድ በነፃ፣ በሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ፈንታ ካደራጃቸው አካል የሚጻፍ የዋስትና ደብዳቤ፣ በዋጋም 3 በመቶ ብልጫ። ሦስት በመቶ ትንሽ ትመስላለች። ተወዳዳሪያችሁ 1,000,000 ብር ቢያቀርብና እናንተ 1,020,000 ብታቀርቡ በግምገማ የእናንተ ዋጋ 989,400 ተደርጎ ይታያል። ጨረታው የእናንተ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የፌዴራሉ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል፤ ክልሉም የራሱ የግዥ ሥርዓት አለው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጨረታ ሰነዱ ላይ የሰፈረውን ልዩ አስተያየት አንብቡ። ያለ ውድድር በቀጥታ የገበያ ትስስር የሚሰጥ ሥራም ስላለ ጽሕፈት ቤቱ የሚያውቃችሁ ሁኑ።

የዚህ መንገድ ጉድለቱ ክፍያው ነው። ዴስኩን አስረክባችሁ ገንዘቡ እስኪወጣ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። እስከዚያ ላሜራውና የሠራተኛው ደመወዝ ከማን ኪስ ይወጣል? ውል ከመፈረማችሁ በፊት ቅድመ ክፍያ ጠይቁ፤ በፌዴራል ግዥ እስከ 30 በመቶ የሚሰጥበት አሠራር አለ። የቀረውን የሚሸፍን አጭር ብድር ካስፈለገ የተፈረመው ውል ራሱ ለአበዳሪው ጥሩ ማስረጃ ነው። እዚህ ላይ ነው ብድርና ገበያ የሚገጥሙት። ገበያው መጀመሪያ፣ ብድሩ ቀጥሎ።

በምን ስም ትደራጃላችሁ?

ይህን ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ እኔ ግን ከወለዱ እኩል አየዋለሁ። ለድጋፍ ሲባል የሚደራጁ ብዙ ማኅበራት የሚመዘገቡት ኅብረት ሽርክና ሆነው ነው። በኅብረት ሽርክና እያንዳንዱ አባል ለማኅበሩ ዕዳ በግል ንብረቱ ጭምር ይጠየቃል። አምስት ሆናችሁ ተበድራችሁ ሦስቱ ቢሄዱ ሁለታችሁ ሙሉውን ልትጠየቁ ትችላላችሁ። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። ወጪውና የሒሳብ ግዴታው ከበድ ይላል፤ ለጀማሪ ላይመች ይችላል። ሥራው ካደገ ግን መለወጡ ተገቢ ነው።

ብድር ለማግኘት ብቻ ማኅበር አታቋቁሙ። ካቋቋማችሁም የሥራ ድርሻ፣ የትርፍ ክፍፍልና አባል ሲወጣ ምን እንደሚሆን በመተዳደሪያ ደንብ ጻፉ። ስብሰባችሁንም በቃለ ጉባኤ ያዙ።

«ብድሩን አስወጣልሃለሁ» የሚል ደላላ በየከተማው አለ። ቢዝነስ ፕላን የሚጽፍ ባለሙያ ለሥራው ቢከፈለው አግባብ ነው። ከጸደቀው ብድር ላይ በመቶኛ የሚጠይቅ ሰው ግን ሌባ ነው። ሠራተኛ እጅ መንሻ ከጠየቀም የጽሕፈት ቤቱን ቅሬታ ሰሚ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ኮፒውንም አስቀሩ።

አሁን ባለንበት ሁኔታ

ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ያለው ግጭት ሁሉንም ነገር አክብዶታል። መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ጥሬ ዕቃ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ዘንድሮ የማንንም ውል ስታነጻጽሩ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ክፍያ ቢዘገይ ቅጣት አለ? የመክፈያ ጊዜ ይራዘማል? ወለዱ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ጊዜ ግን የሚያራዝም ተቋም ለጎጃም ሰው ዛሬ ይሻላል። ችግር ሲመጣም አትደበቁ። ክፍያው ከማለፉ በፊት በደብዳቤ አሳውቁ፤ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ምክንያት ጆሮ አያገኝም።

ጊዜውንም አስቡበት። የመንግሥት በጀት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። የሼድና የፈንድ ጥያቄያችሁን ሐምሌና ነሐሴ ላይ አስገቡ። ግዥው የሚበዛው በጀት ሊዘጋ ሲል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ስለሆነ ሚያዝያ ሲገባ ለጨረታ ተዘጋጁ። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ ቲን ቁጥር፣ ፋይዳ፣ የባንክ ስቴትመንትና የሒሳብ ደብተር በአንድ ፋይል ይሁኑ። ክሊራንሱ ጊዜው እንዳያልፍበት በየጊዜው እዩት። በጨረታ ቀን ጠዋት ገቢዎች ቢሮ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው የጨረታ ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ ነው የሚደርሰው።